ከእንቅርት እስከ ኮምፒውተር፤ የኬሚስቱ የኤድዋርድ ኬንዳል የሕይወት ታሪክ

ከደሴ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኘው የባቲ ከተማ በሰኞ ገበያዋ ስመ ጥር ናት። በዚሁ ቀን አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን፣ ቅቤውንና ጨውን ይዞ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራውም እህሉንና የእጅ ሥራውን ይዞ ከደጋና ከወይና ደጋ ይወርዳል። ሸማች ጨው ሲገዛ የሚያስበው ስለ ወጡ ጣዕም ነው። ይሁን እንጂ የደገኛው ሰው ጤና ከጥንት ጀምሮ በጨው ውስጥ ከሚገኝ ወይም ከሚጎድል አንድ ኢምንት ነገር ጋር ተያይዞ ኖሯል። ይህም ነገር አዮዲን ይባላል።

አዮዲን ሲጎድል በአንገት ላይ ያለው ዕጢ ያብጣል፤ እብጠቱንም አባቶቻችን እንቅርት ብለው ጠሩት። ሕመሙ በአገራችን እጅግ የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ፣ መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት የሁላችንም አነጋገር ሆኗል። ነገር ግን ጉዳቱ መልክን በማበላሸት ብቻ አያበቃም። እናት በእርግዝናዋ ወራት አዮዲን በብርቱ ሲጎድልባት፣ የሚወለደው ሕፃን አእምሮው እንደሚገባ ሳያድግ ሊቀር፣ ጆሮውም ሊደነቁር ይችላል።

ለመሆኑ ይህ የአንገት ዕጢ ከአዮዲን የሚሠራው ምንድን ነው? የሠራውስ ነገር በሰውነታችን ውስጥ ሥራውን የሚፈጽመው እንዴት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ፍለጋ ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ካልቪን ኬንዳል ነበር። ይህ ሰው በሕይወቱ ሁለት ታላላቅ ሆርሞኖችን አጥርቶ አወጣ። የሚያስደንቀው ግን ሁለቱም ሆርሞኖች ሰውነት ራሱ እንደገና ካልለወጣቸው በቀር ሙሉ ሥራ የማይሠሩ ሆነው መገኘታቸው ነው። የለዋጩንም ምሥጢር ዛሬ ሊቃውንት የሚመረምሩት በላቦራቶሪ ብቻ ሳይሆን በኮምፒውተርም ጭምር ነው። እኛም የዚህን ሊቅ ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዱና ትምህርቱ

ኤድዋርድ ኬንዳል መጋቢት 8 ቀን 1886 በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ ሳውዝ ኖርዎክ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የጥርስ ሐኪም ነበር። ልጁ ግን ከሕክምና ይልቅ ወደ ኬሚስትሪ አዘነበለና በኒውዮርክ ወደሚገኘው ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1908 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1910 ደግሞ የዶክትሬት ማዕረጉን አገኘ።

ለዶክትሬቱ ያጠናው ነገር በኋላ ከሚገጥመው ታሪክ ጋር የሚዛመድ ነበርና እዚህ ላይ ልናነሣው ይገባል። ጥናቱ ከጣፊያ አጠገብ ባለው በቆሽት ውስጥ ስለሚገኝ፣ አሚሌዝ ስለሚባል ኢንዛይም ነበር። ኢንዛይም ማለት በሕይወት ባለው ፍጡር ሁሉ ውስጥ የሚገኝ፣ አንዱን ነገር ወደ ሌላ ነገር በፍጥነት የሚለውጥ፣ ራሱ ግን በሥራው የማያልቅ ረቂቅ ሠራተኛ ነው። አሚሌዝም ከእንጀራና ከዳቦ የምናገኘውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። እንግዲህ ኬንዳል የሳይንስ ሕይወቱን የጀመረው በኢንዛይም ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ስሙን ያስጠሩት ሆርሞኖች ከኢንዛይም ጋር ምን ያህል የተቆራኙ መሆናቸውን በዚያን ጊዜ እርሱም ሆነ ሌላ ሰው አያውቅም ነበር።

ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በዲትሮይት ከተማ በአንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ተቀጠረ። በዚያም ከአንገት ዕጢ ውስጥ ሆርሞኑን ለይቶ እንዲያወጣ ታዘዘ። በፋብሪካው የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነበር፤ ሥራውን ግን አልተወም። ወደ ኒውዮርክ ተመልሶ በቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል ቀጠለበት፤ በ1914 ደግሞ በሚኒሶታ ግዛት፣ በሮቼስተር ከተማ ወደሚገኘው ወደ ሜዮ ክሊኒክ ሄደ። ይህ ቦታ ለሥራው እጅግ የተመቸ ነበር። ምክንያቱም በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዙሪያ ያለው አገር አፈሩ አዮዲን የጎደለው ስለሆነ፣ እንቅርት በዚያም እንደ እኛ ደጋ የተስፋፋ ሕመም ነበር። የሜዮ ክሊኒክ ሐኪሞችም እንቅርትን በቀዶ ጥገና በማከም የታወቁ ነበሩ።

ከእርሱ በፊት የታወቀው

ከኬንዳል በፊት ስለ አንገት ዕጢ የታወቀ ነገር አልነበረም ማለት አይደለም። በ1883 የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር፣ ዕጢው ጨርሶ የወጣለት ሰው ውሎ አድሮ ሰውነቱ እንደሚያብጥና አእምሮው እንደሚደክም ገለጸ። በ1891 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ ከበግ የአንገት ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ እንዲህ ባለ ሕመም ለተያዘች ሴት ቢወጋላት፣ ሴትዮዋ ዳነች፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። በ1895 ደግሞ ጀርመናዊው ኬሚስት ኦይገን ባውማን በዕጢው ውስጥ አዮዲን መኖሩን አገኘ።

ስለዚህ በዕጢው ውስጥ አንድ ኃይለኛ ነገር እንዳለ፣ በዚያም ነገር ውስጥ አዮዲን እንዳለ ታውቆ ነበር። ነገር ግን ያን ነገር ከሌላው ሁሉ ለይቶ፣ ንጹሕ አድርጎ በእጁ የያዘው ሰው አልነበረም።

የገና ዕለት

ኬንዳል የፋብሪካ ዕጢ በብዛት እያስመጣ፣ በአልካሊ እያፈላ፣ በአሲድ እያረጋ፣ በአልኮል እያጠበ፣ በየደረጃው የአዮዲኑን መጠን እየመዘነ ቀጠለ። የአዮዲኑ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር ወደሚፈልገው ነገር የቀረበ መሆኑን ያውቅ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1914፣ በአንድ ሌሊት፣ በእሳት ላይ ያስቀመጠውን የአልኮል ድብልቅ ሲጠብቅ እንቅልፍ እንደ ጣለው ይነገራል። ሲነቃ አልኮሉ ተንኖ አልቆ፣ በዕቃው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ብቻ ቀርቶ አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ድካሜ ከንቱ ቀረ ብሎ በደፋው ነበር። ኬንዳል ግን መዘነው፤ በአዮዲን የዳበረ ሆኖም አገኘው። ሥራውን ደጋግሞ በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1914፣ ንጹሕ የሆርሞን ክሪስታል በእጁ ገባ። ስሙንም ታይሮክሲን አለው።

ሥራው ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበር ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። ከ3 ቶን ያህል የአሳማ ዕጢ የተገኘው ታይሮክሲን 33 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ይህም ማለት የብዙ ሺህ እንስሳት ዕጢ ተሰብስቦ የተገኘው በእፍኝ የማይሞላ ነጭ ዱቄት ነው።

ያልተሳካለት ነገር

ታላቅ ሰው አይሳሳትም ብሎ መጻፍ ታሪክን ማዛባት ነው። ኬንዳል ታይሮክሲንን ካገኘ በኋላ አሠራሩን፣ ማለት አቶሞቹ እንዴት እንደ ተያያዙ፣ ለማወቅ ብዙ ዓመት ደከመ፤ በሰው እጅ ሊሠራውም ሞከረ። የገመተው አሠራር ግን ትክክል አልነበረም፤ ለሆርሞኑ ያወጣውም ስም ከዚሁ ከተሳሳተ ግምት የመጣ ነው። እርሱ በግምቱ ጸንቶ ሳለ፣ በ1926 እንግሊዛዊው ቻርልስ ሃሪንግተን ትክክለኛውን አሠራር አገኘ፤ በ1927ም ከጆርጅ ባርጀር ጋር ሆኖ ታይሮክሲንን በላቦራቶሪ ሠራ። ሁለት ቀለበት መሰል ክፍሎች በአንድ የኦክስጅን አቶም ተያይዘው፣ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው 4 የአዮዲን አቶሞች እንዳሉት ታወቀ።

ለአንድ ተመራማሪ ከዚህ የሚበልጥ ምሬት የለም። አሥር ዓመት በላይ የደከመበት እርሻ በሌላ ሰው ታጨደ። ኬንዳል ግን ተስፋ ቆርጦ አልተቀመጠም። ግሉታታዮን ስለሚባል ሌላ ነገር ጥቂት ጊዜ ከመረመረ በኋላ፣ ከ1930 ገደማ ጀምሮ ከኩላሊት በላይ ወደሚገኙት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች፣ ወደ አድሬናል ዕጢዎች ፊቱን አዞረ።

ውሁድ ኤ እና ውሁድ ኤፍ

የእነዚህ ዕጢዎች ቅርፊት ከጠፋ ሰው በሕይወት መኖር አይችልም። ኬንዳልና ረዳቶቹ የከብት አድሬናል ዕጢ በቶን እየሰበሰቡ፣ ከቅርፊቱ ውስጥ ብዙ ተመሳሳይ ነገሮችን አወጡ። ስም ሳይሰጧቸው በፊት በላቲን ፊደል ምልክት አደረጉላቸው። ከእነዚህ መካከል በአምስተኛው ፊደል የተጠራው፣ በእኛ አጻጻፍ ውሁድ ኤ የምንለው፣ እና በስድስተኛው ፊደል የተጠራው ውሁድ ኤፍ ለታሪካችን ዋናዎቹ ናቸው። በዚያው ዘመን በስዊዘርላንድ ታዴዎስ ራይክሽታይን፣ በኒውዮርክም ሌሎች ሊቃውንት ተመሳሳይ ነገር ለብቻቸው አግኝተው ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን አብራሪዎች ከአድሬናል ዕጢ በተሠራ መድኃኒት እየተረዱ እጅግ ከፍ ባለ ሰማይ ላይ ይበርራሉ የሚል ወሬ ተሰማ። ወሬው እውነት ሆኖ ባይገኝም የአሜሪካ መንግሥት ለምርምሩ ብርቱ ትኩረት እንዲሰጥ አደረገው። በ1944 መጨረሻ የመርክ ኩባንያ ኬሚስት ሉዊስ ሳሬት ከከብት ሐሞት ተነሥቶ፣ በብዙ ደረጃዎች አልፎ፣ ጥቂት ሚሊግራም ውሁድ ኤ ለመሥራት ቻለ።

በሜዮ ክሊኒክ የሚሠራው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች ደግሞ ከ1929 ጀምሮ አንድ ነገር ሲያስተውል ቆይቶ ነበር። የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለበት ሰው የወፍ በሽታ ሲይዘው፣ ሴትም ስታረግዝ፣ ቁርጥማቱ ለጊዜው ይተዋቸዋል። ሄንችና ኬንዳል ይህን እያነሡ ሲመካከሩ፣ ምናልባት ውሁድ ኤ ለዚህ ሕመም ይጠቅም ይሆናል ብለው አሰቡ። መስከረም 21 ቀን 1948 የ29 ዓመት ዕድሜ ያላት፣ በቁርጥማት ምክንያት መራመድ ያቃታት አንዲት ሴት የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች። በጥቂት ቀን ውስጥ የመገጣጠሚያዋ ድርቀት ለቀቃት፤ በሳምንቱም በእግሯ ወጥታ ከሱቅ ዕቃ ስትገዛ ዋለች።

ውሁድ ኤ ከቪታሚን ኤ ወይም ከሌላ ቪታሚን ጋር በስም እንዳይምታታ ተብሎ ኮርቲዞን ተባለ። በ1950 ኬንዳል፣ ሄንችና ራይክሽታይን የሕክምናን የኖቤል ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ኬንዳል ከሠላሳ ዓመት በፊት በታይሮክሲን ሳያገኘው የቀረውን ክብር በኮርቲዞን አገኘው።

ይሁን እንጂ ደስታው ብዙም ሳይቆይ ጥንቃቄ ተጨመረበት። ኮርቲዞን ቁርጥማትን ያስታግሳል እንጂ ነቅሎ አይጥለውም። ብዙ ከተወሰደ ፊት ይነፋል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ሰውነት በሽታ የመከላከል ኃይሉ ይቀንሳል፤ በድንገት ከተቋረጠም አደጋ ያመጣል። ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ ያሉት ፕሬድኒዞሎንና ዴክሳሜታዞን የዚሁ ዘር ናቸውና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊወሰዱ አይገባም።

እህልና ዱቄት

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ነጥብ ደረስን። ኮርቲዞን በመርፌ ሲሰጥ ፈዋሽ ነበር። ነገር ግን በታመመው መገጣጠሚያ ውስጥ በቀጥታ ሲወጋ ጥቅሙ እምብዛም ሆነ፤ በቆዳ ላይ ሲቀባም እንዲሁ። በአንጻሩ ኬንዳል በስድስተኛው ፊደል የጠራው ውሁድ ኤፍ፣ ዛሬ ኮርቲዞል የሚባለው፣ በመገጣጠሚያም በቆዳም ይሠራ ነበር። ምክንያቱ በ1950ዎቹ ዓመታት ተገለጸ። ሥራውን የሚሠራው ኮርቲዞል ነው፤ ኮርቲዞን ግን ራሱ ሥራ ፈት ሲሆን፣ በተለይ በጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ወደ ኮርቲዞል ሲለውጠው ብቻ ኃይል ያገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 2 የሃይድሮጅን አቶም ብቻ ነው።

የታይሮክሲንም ነገር እንዲሁ ሆነ። በ1952 ጃክ ግሮስና ሮዛሊንድ ፒት ሪቨርስ በለንደን 3 አዮዲን ብቻ ያለው ሌላ ሆርሞን አገኙ፤ ኃይሉም ከታይሮክሲን የበለጠ ነበር። በ1970 ደግሞ የአንገት ዕጢ የሌላቸው ሰዎች ታይሮክሲን ሲሰጣቸው፣ ሰውነታቸው አንዱን አዮዲን እየነቀለ ባለ 3 አዮዲኑን ሆርሞን እንደሚሠራ ተረጋገጠ። ዛሬ እንደሚታወቀው በደማችን ውስጥ ካለው ከዚህ ኃይለኛ ሆርሞን አብዛኛው፣ 80 በመቶ ያህሉ፣ የሚገኘው ከዕጢው በቀጥታ ሳይሆን በዚህ ለውጥ ነው።

ነገሩን በጎተራና በወፍጮ ብንመስለው ይቀለናል። እህል በጎተራ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ዱቄት ግን ቶሎ ይበላሻልና የቤት እመቤት ለሚያስፈልጋት ያህል ብቻ ታስፈጫለች። ታይሮክሲን እንደ እህሉ ነው፤ በደም ውስጥ ገብቶ እኩሌታው እስኪያልቅ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ባለ 3 አዮዲኑ ሆርሞን እንደ ዱቄቱ ነው፤ እኩሌታው በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል። ኢንዛይሙም ወፍጮው ነው። ኬንዳል እንግዲህ ሁለት ጊዜ ደክሞ፣ ሁለት ጊዜ ያገኘው እህሉን ነበር። ዱቄቱንም የሚፈጨው እርሱ በወጣትነቱ ያጠናው ዐይነት ሠራተኛ፣ ኢንዛይም ሆኖ ተገኘ።

ወፍጮው እንዴት ይፈጫል?

ኢንዛይም የሚሠራበትን ነገር ሊቃውንቱ ሰብስትሬት ይሉታል። በ1894 ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር ኢንዛይምንና ሰብስትሬቱን በቁልፍና በመቆለፊያ መሰላቸው፤ ልኩ የሆነው ብቻ ይገባል፣ ሌላው አይገባም። በ1958 አሜሪካዊው ዳንኤል ኮሽላንድ ይህን አሻሽሎ፣ ኢንዛይሙ ሰብስትሬቱን ሲቀበል ራሱም ቅርጹን እንደሚያስተካክል ገለጸ። ይህም እጅ ወደ ጓንቲ ሲገባ ጓንቲው የእጅን ቅርጽ እንደሚይዝ ዐይነት ነው።

የታይሮክሲን ለዋጭ ኢንዛይሞች ሦስት ናቸው፤ በሥራ ቦታቸውም ላይ ሴሌኒየም የሚባል ንጥረ ነገር አለባቸው። እዚህ ላይ ብርቱ ቁም ነገር አለ። ኢንዛይሙ ከውጭኛው ቀለበት አንድ አዮዲን ቢነቅል ኃይለኛው ሆርሞን ይገኛል። ከውስጠኛው ቀለበት ቢነቅል ግን የሚገኘው ሥራ ፈት ነገር ነው። በቁጥር ስንመለከተው በሁለቱም 3 አዮዲን ቀርቷል፤ በሥራ ግን አንዱ እሳቱን ያነዳል፣ ሁለተኛው ያጠፋል። ስለዚህ ሆርሞኑ በኢንዛይሙ ጉድጓድ ውስጥ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ ማወቅ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ይህንንም በዐይን ማየት አይቻልም፤ በማይክሮስኮፕም ቢሆን ነገሩ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ አያስይዝም።

ኮምፒውተር የመጣው ለዚህ ጊዜ ነው። በ1977 ማርቲን ካርፕለስና ባልደረቦቹ የአንድ ትንሽ ፕሮቲን አቶሞች እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ በኮምፒውተር አስልተው ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዩ። በ1982 በሳንፍራንሲስኮ ኧርዊን ኩንትዝና ጓደኞቹ አንድ ትንሽ ሞለኪውል በፕሮቲን ጉድጓድ ውስጥ እንዴት እንደሚገጥም የሚፈልግ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሩ። ፕሮግራሙን ከፈተኑባቸው ነገሮች አንዱ የታይሮይድ ሆርሞን ዘመዶች በደም ውስጥ የሚሸከማቸውን ፕሮቲን እንዴት እንደሚይዙ ነበር። ኬንዳል በገና ዕለት በእጁ የያዘው ነጭ ዱቄት ከሞተ አሥር ዓመት በኋላ የአዲሱ ጥበብ መፈተኛ ሆነ ማለት ነው። በ2013 ካርፕለስ፣ ማይክል ሌቪትና አሪዬ ዋርሸል ለእንዲህ ዐይነቱ ሥራ የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የኢንዛይሙ ቅርጽ በኤክስሬይ ከክሪስታል ይነበባል። ኮርቲዞንን የሚለውጠው ኢንዛይም ቅርጽ በ2005 ታትሟል፤ ከታይሮክሲን ለዋጮች የአንደኛው፣ ሆርሞኑን የሚያጠፋው፣ የሥራ ክፍል ቅርጽ ደግሞ ከአይጥ ተወስዶ በ2014 በጀርመን ተመራማሪዎች ታወቀ። በዚያ ክሪስታል ውስጥ ሆርሞኑ አልነበረበትምና የሚቀመጥበትን ቦታ በኮምፒውተር መፈለግ አስፈለገ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን አቶም እንደ ኳስ፣ ማያያዣውንም እንደ ሞላ ቆጥሮ፣ አንዱ ሌላውን የሚስብበትን ወይም የሚገፋበትን ኃይል ያሰላል። ከዚያ ሁሉንም በጥቂቱ ያንቀሳቅስና እንደገና ያሰላል። አንዱ እርምጃ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ የሰኮንድን አንድ ሚሊዮንኛ ለመከተል 500 ሚሊዮን ያህል እርምጃ ያስፈልጋል።

በዚህ መንገድ ብዙ ተምረናል። አዮዲኑ ወደ ሴሌኒየሙ በቀጥታ ሲጠጋ በመካከላቸው መሳሳብ እንደሚፈጠርና ይህም አዮዲኑን ከቀለበቱ ጋር የያዘውን ማያያዣ እንደሚያላላ ስሌቶች አመልክተዋል። ነገር ግን ኮምፒውተር የሚሰጠው ግምት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። የኃይሎቹ ስሌት በግምት ላይ የቆመ ነው፤ ኢንዛይሞቹም በሕዋስ ውስጥ በስብ ሽፋን ላይ ተጣብቀው ስለሚኖሩ ብቻቸውን የተሰሉት ሁሉ እውነተኛውን ኑሯቸውን አያሳይም። ስለዚህ በኮምፒውተር የተገኘው ነገር፣ ኬንዳል ቅርፊቱን እንደ መዘነ ሁሉ፣ በላቦራቶሪ ሚዛን መመዘን አለበት። ኬንዳል ራሱ የታይሮክሲንን አሠራር ገምቶ መሳሳቱ የዚህ ትምህርት ነው።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል?

ወፍጮ ምንም ቢሰላ እህል ከሌለ ዱቄት የለም። አዮዲን ካልተገኘ ታይሮክሲን አይሠራም፤ ሴሌኒየም ካልተገኘም ኢንዛይሙ ይደክማል። አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ሴት 250 ይመከራል። ይህ በእጅ ተቆንጥሮ የማይያዝ ነገር ነው፤ ሲጎድል ግን ትውልድን ይጎዳል። በ2005 በአገራችን በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 35.8 በመቶ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የሴሌኒየም እጥረት በኢትዮጵያ የተስፋፋ፣ ከቦታ ቦታም በጣም የሚለያይ መሆኑን አሳይቷል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስዊዘርላንድ በ1922፣ የአሜሪካዋ ሚሺጋን በ1924 ጨውን ከአዮዲን ጋር ማደባለቅ ጀመሩ፤ በዚያም እንቅርት እየጠፋ ሄደ። በኢትዮጵያም በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ግን 89 በመቶ ደረሱ። አብዛኛው ጨዋችን የሚመጣው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ ነውና፣ ዛሬ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣው ጨው እንደ ቀድሞው ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። ይሁንና በየቤቱ የተገኘው ጨው ሁሉ በቂ አዮዲን አለው ማለት አይደለም። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ይባክናል። ስለዚህ ጨው በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይ ርቆ ሊቀመጥ፣ በወጥም ላይ በማውጫው ሰዓት ሊጨመር ይገባዋል። ጨውን አጥቦ መጠቀምም አዮዲኑን አጥቦ መድፋት ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

ኬንዳል በ1951 ዕድሜው 65 ሲሞላ በሜዮ ክሊኒክ ደንብ መሠረት ጡረታ ወጣ። እርሱ ግን ጡረታን እንደ ዕረፍት አልቆጠረውም። ወደ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ከሃያ ዓመት በላይ ስለዚያው ስለ አድሬናል ዕጢ መመርመሩን ቀጠለ። በ1971 የኮርቲዞንን ታሪክ የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በሚቀጥለውም ዓመት፣ ግንቦት 4 ቀን 1972፣ በ86 ዓመቱ ዐረፈ። ታይሮክሲን በሰውነት ውስጥ ወደ ኃይለኛው ሆርሞን መለወጡ በሰው ላይ ከተረጋገጠ ገና ሁለት ዓመት ነበር።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ይህ ነው። ሥራውን የጀመረው ከሌሎች በተቀበለው እውቀት ላይ ቆሞ ነው፤ ሲሳሳት ሌሎች አረሙት፤ እርሱ ካቆመበትም ሌሎች ቀጠሉ። በ1914 ቶን በሚመዘን ዕጢ ሲፈለግ የነበረው ዛሬ በኮምፒውተር አንድ አቶም በአንድ አቶም ይፈለጋል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ሆርሞኑ በሰውነታችን ውስጥ እንዴት ይሠራል የሚለው። የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ ባለ ብዙ ገንዘብ ብቻ የሚደርስበት ነገር አይደለም። አዮዲን ያለውን ጨው መርጦ የሚገዛ፣ ከድኖ የሚያስቀምጥና ለነፍሰ ጡር የትዳር ጓደኛው የሚያስብ ቤተሰብ ሁሉ የኬንዳልን ውርስ በማዕዱ ላይ አኑሯል።